ነፋሱን አስቀድሚ

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የጥቅምት መጀመሪያ ነበር። የኤርፖርቱን የጠዋት ሺሽት፣ ፈረቃዬን፣ ጨርሼ፣ በኤስ-ባን ባቡር መጥቼ ዋናው ጣቢያ ወርጄ፣ ጉትሎይትፊርቴል ወዳለው ቤታችን በእግሬ ስደርስ ዘሃራ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም። በአንድ እጇ የራሷን፣ በሌላው የአባቷን ሃንዲ፣ የእጅ ስልካቸውን፣ ይዛለች።

«አጎቴ ያሲን ሞቷል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ማክሰኞ ነው አሉ። አባባ አልሰማም። እስከ ቅዳሜ እንዳይሰማ።»

ያኔ ከዘሃራ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ኤርፖርት ሄጄ የአውሮፕላን ምግብ በትሪ እደረድራለሁ። ከእሷ ሌላ ፍራንክፈርት ውስጥ ጓደኛ የምለው ሰው አልነበረኝም። ሰው መሃል ስገባ ድምፄ ይጠፋብኛል፤ ሴሚናር ላይ እጄን ለማውጣት ስዘጋጅ ሰዓቱ ያልቃል። ዘሃራ ግን የእኔን ዝምታ እንደ ትዕቢት አልቆጠረችውም። የራሷን ወሬ እያወራች የእኔንም ቦታ ትሞላልኝ ነበር።

ቅዳሜ ያለችበት ምክንያት ነበራት። እናቷ የደሴ ሰው ነበሩ፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከእሳቸው ነው የተማረችው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይናገረውም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ሐዘንተኛው ገና ፊታቸውን ሲያይ ይገባዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው አለ። ግን የኛ ሰው እዚህ አገር ገሚሱ ኤርፖርት ያጸዳል፣ ገሚሱ አረጋውያን ያጥባል፤ ሁሉም ከሺሽት ነፃ የሚሆነው ቅዳሜ ንጋት ላይ ብቻ ሆነ። «ልቡ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ የነገረኝን ታውቂያለሽ» አለች። «ሃንዲህ ተበላሽቶ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ ብዬዋለሁ። አንቺ አሁን ይዘሽው ውጪ፤ ኮል ሾፕ ገብቶ እንዳይደውል ብቻ። ካንቺ ጋር ደስ ይለዋል፣ የባሕራችሁን ወሬ ታወራላችሁ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ይቀናኛል።

የባሕራችሁ ያለችው እኔም እንደ አባቷ የአሰብ ባሕር ዳር ስለተወለድኩ ነው። አባቴ የወደብ ጸሐፊ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ በረዶ በጫነ የዓሣ መኪና ላይ ሰቅሎኝ፣ በበይሉል መንገድ ወደ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር እንሄድ ነበር። የሾፌሩን ካሴት ሙቀቱ ስለለጠጠው ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። እኔ በልኬ የተሰፋች ሽርጥ አገለድማለሁ፤ አባቴ ገበያ ላይ በሦስት ብር ገዝቶ፣ ለሁለት አስቆርጦ ያሰፋልኝ ናት፤ የፕላስቲክ ሰንደሌ እግሬን ያቃጥለኛል። መንገዱ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የተቃጠለ የሚመስል፣ እስከ ባሕሩ ጫፍ ድረስ። ለሚያልፍ ሰው ምንም የሌለበት አገር ነው። ነዋሪዎቹ ግን ቢለምኗቸውም አይለቁትም። ቤቶቻቸው በዘንባባ ሰሌን የተሸፈኑ ናቸው፤ ማታ ማታ ማንም እዚያ ውስጥ አይተኛም፤ የገመድ አልጋውን አውጥቶ፣ ራስጌውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሰማይ ሥር ይጋደማል። አሸዋውን እስከ ክንድ ሲቆፍሩት የሚጠጣ ውሃ ይወጣል፤ ትንሽ ከጨመሩ ጨው ይሆናል፤ ስለዚህ እዚያ ሰው ሁሉ መጠኑን አውቆ ነው የሚቆፍረው። ፍየሎቹ የዓሣ ጭንቅላት ይበላሉ። ግመሎቹ ባሕሩ ውስጥ ቆመው ከጨው ውሃ የሚበቅለውን ቁጥቋጦ ሲግጡ ከሩቅ ሲያዩዋቸው መርከብ ይመስላሉ። ትልቁ ዓሣ በሁለት ብር ነው፤ ሙፎ ከሚሉት ትኩስ ቂጣ ጋር ሲጋብዙን ግን ብር አይጠይቁም።

አባቴ ዓሣ የሚገዛው ከያሲን ነበር። የዘሃራ አባት የአባባ ሁመድ ታናሽ ወንድም መሆኑን ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ እዚህ፣ ዘሃራ ሳሎን ውስጥ ፎቶግራፉን ሳይ ነው። ያኔ አባቴ ለምን አሰብ ገብቶ እንደማይኖር ሲጠይቀው፣ «እናንተ በር አላችሁ። በር ያለው ሰው ማን እንደመጣ አያይም» ይለው ነበር። ደግሞም መኪናዋ ስትቆም ማንም ዓሣ አያነሳም፣ ማንም ውሃ አይቀዳም። መጀመሪያ ዳጉ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ያየውንና የሰማውን ቁጭ ብሎ ይናገራል፤ የተቀበለውም ያለውን ይመልሳል፤ ነገ ለሚያልፈው መንገደኛም አንድ ሳይጨምር፣ አንድ ሳይቀንስ ያደርሳል። ሕፃን ነው፣ ሴት ናት አይባልም። ያሲን ፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ «ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» ይለኛል። እኔ አፈር አፈር አያለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስሜን ሲጠራ መልስ ስለማልሰጥ እየዘለለኝ የሚያልፍ ልጅ ነበርኩ። ያሲን ግን አይዘልም። ይጠብቃል። ኋላ ግራ ሲገባኝ አይቶ፣ «ነፋሱን አስቀድሚ» አለኝ። «ነፋሱን ከተናገርሽ ሌላው ይከተላል። ቀጥሎ ዝናቡን፣ ቀጥሎ እንስሳውን፣ ቀጥሎ ሰውን። ሞት ካለ መጨረሻ ላይ።» በሚቀጥለው ቀን ለአንድ ባለግመል፣ «ከአሰብ የመጣችው ልጅ እንዳየችው፣ ወደቡ ላይ ቀይ መርከብ ቆሟል» ሲለው ሰማሁት። በሕይወቴ የተናገርኩት ነገር ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። እዚያ አገር ተጠይቆ የደበቀ ሰው ይሰደባል እንዳይመስላችሁ፤ ሁለተኛ አይጠየቅም፣ በቃ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ሻንጣውን ሳያነሳ ከአሰብ የወጣበት ዓመት መጣና እኛም አዲስ አበባ ገባን፤ በር ያለው ቤት ተከራየን።

አባባ ሁመድ ኮታቸውን ደርበው፣ በሂና ያቀሉትን ጢማቸውን አበጥረው ጠበቁኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሉግሃፈን፣ ኤርፖርቱ ላይ፣ ሻንጣ ጭነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የድሮ የአሰብ ትምህርት ቤት አማርኛ ነው፣ ቀስ ያለና ጥርት ያለ። ኮሪደሩ ላይ የራሳቸው ሻንጣ ታስሮ ቆሟል፤ በወሩ መጨረሻ በጅቡቲ አድርገው ወደ ወንድማቸው ሊሄዱ፣ ከዚያም ላይመለሱ ነው።

ወደ ዌስትሃፈን በወንዙ ዳር ወረድን። እግሬ አላርፍ ብሎ ከእሳቸው ቀድሞ ይሄዳል፤ እመለሳለሁ፤ እንደገና ይቀድማል። በላያችን አውሮፕላኖቹ ተከታትለው ይወርዳሉ።

«ሃንዲው ሰኞ ደህና ነበር» አሉ።

«ይበላሻል እኮ፣ አባባ።»

«ዘሃራ ለጥገና ሰጠሁት አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ዘሃራ ዕቃ የምታስጠግነው? ትጥላለች እንጂ።» ሳቁ። «ኮል ሾፑ ጋ ብቅ እንበል፤ ሁለት ደቂቃ ነው። አዝየብ ተነስቶ እንደሆን ያሲንን ልጠይቀው።» አዝየብ የሚሉት ከደቡብ የሚመጣውን የክረምታቸውን ነፋስ ነው።

«ዝግ ነው» አልኩ።

«ሐሙስ ቀን?»

«ባለቤቱ … የሐኪም ቴርሚን አለው መሰለኝ።»

አዩኝ። መዋሸት አልችልበትም፤ ጆሮዬ ይቀላል። ግን አልተከራከሩኝም። ወንዙን በከዘራቸው እያሳዩ ሄዱ። «ይሄን ውሃ ሠላሳ ዓመት አየሁት። አንድ ቀን ሐሳቡን አልቀየረም። ሁልጊዜ ወደዚያ፣ ሁልጊዜ ወደዚያ። የኛ ባሕር ሄዶ ይመለሳል፤ ስትተኚ እዚህ የተውሽው ስትነቂ እዚያ ነው። ደግሞ ይሄ አይሸትም። ሰው የማይሸት ውሃ ዳር ቤት ይሠራል?» ባለፈው ሰሞን እዚያው ስፍራ ሳልፍ ይህ ንግግራቸው ትዝ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። እውነታቸውን ነው። ኮል ሾፑ አሁን የሃንዲ ሽፋን ይሸጥበታል፤ ሰው ሁሉ ወሬውን በመዳፉ ይዞ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ይተላለፋል።

ከድልድዩ ሥር ጋሽ ተስፋይ ብቅ አሉ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ የአባባ ሁመድ የካርታ ጓደኛና ጠላት። በተገናኙ ቁጥር ሰላምታቸው አንድ ነው፤ ጋሽ ተስፋይ ገና ከሩቅ፣ «አንተ ሁመድ! ፍየሎቻችሁ አሁንም ዓሣ ይበላሉ?» ይላሉ፤ አባባ ሁመድም፣ «የናንተዎቹ ምን ይብሉ፣ እናንተ ራሳችሁ ዓሣ ስታዩ ትሸሻላችሁ» ይሏቸዋል። የዚያን ቀን ጋሽ ተስፋይ ቆባቸውን አወለቁ።

«ሁመዶ፣ ወንድሜ። ደህና ነህ?» እጃቸውን ይዘው አልለቅ አሉ። «ብርድ እንዳይመታህ።» የገዛ ሻርፓቸውን ፈትተው አንገታቸው ላይ አሰሩላቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ «አደራ ልጄ፣ እንዳትለዪው» አሉና ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

አባባ ሁመድ ሻርፑን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ተስፋይ ፍየሎቹን አልጠየቀኝም» አሉ።

ዓይኔን ወደ ወንዙ መለስኩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይሰድበኝ አልፎ አያውቅም። ጠዋት ደግሞ የታችኛው ቤት ሴትዮ ገንፎ ላከችልኝ፤ እኔን አትወደኝም እኮ። ሼኹ ለዘሃራ ሁለቴ ደወለ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ።»

ከዚያ የወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ፣ ካኪ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ ቁጢጥ አሉ። አንዲት ሴትዮ ከነብስክሌቷ ቆማ ምን ሆኑ ብላ አየቻቸው። እኔም ፊታቸው ቁጢጥ አልኩ፤ ጉልበቴ ራሱ ያውቀዋል።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከቤት።»

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ዘሃራ ዓይኔ ላይ መጣች። ክፍሌ፣ ደረጃው ላይ ያልኳት እሺ፣ የተዛወረው የሰው ሁሉ ሺሽት መጣብኝ። ልባቸው እዚህ ቢቆም ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን አልወተወቱኝም፤ አላባበሉኝም። እንደ ወንድማቸው ጠበቁ። አሁን ብደብቅ ከዚያ በኋላ የባሕር ወሬ አብረን እናወራለን፣ ይስቁልኛል፣ አባባ እላቸዋለሁ፤ ሁለተኛ ግን አይጠይቁኝም።

«ነፋሱ ከምዕራብ ነው» አልኩ። «ከጠዋት ጀምሮ ነው። ዝናብ ማክሰኞ ዘንቧል፣ ትናንት አባርቷል። ዝይዎቹ ወደ ሣሩ ወጥተዋል። ኤስ-ባኑ ዘግይቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይነጫነጫል። ኤርፖርት ደህና ነው፤ የታመመ አልሰማሁም።» ትንፋሽ ወሰድኩ። «ያሲን ሞቷል። ማክሰኞ ነው። ለዘሃራ የደወለላት ልጁ ሙሳ ነው።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። አንድ አውሮፕላን አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

«ቀጥዪ።»

«ከዚህ በላይ አልሰማሁም።»

«ባሕር ላይ ነው መሬት ላይ?»

«አላውቅም።»

«ነፋሱስ? ማን ነበር አብሮት? ማን አጠበው?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ጎደሎ ነው» አሉ። አልወቀሱኝም፤ ሚዛን ላይ ያለ ዕቃ አይተው እንደሚናገሩ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ሞላ፤ ሻርፑን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እጄን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ። ሲበቃቸው፣ «ዘሃራ ለቅዳሜ ነው ያለችው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እናቷም እንዲህ ነበረች። የአባቴን ሞት ሁለት ሳምንት ደበቁኝ፤ ለእኔ ብለው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር።» እጄን ይዘው ተነሱ። ስንመለስ የሙሳን ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝና እስክይዘው ደጋግመው አስባሉኝ። «ነገ አንቺ ጠይቂልኝ። እኔ ብደውል ያለቅሱብኛል እንጂ አይነግሩኝም።»

ቤት ስንገባ ዘሃራ የአባቷን ፊት አየች። ክፍሌ ድረስ ተከተለችኝና በሩን ዘጋች።

«ነገርሽው?»

«ጠየቁኝ።»

«ስለጠየቀሽ? እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው የለመነሽ? ልቡ ቢቆምስ ኖሮ? እዚያ ወንዝ ዳር ብቻሽን ምን ልታደርጊ ነበር?»

እውነቷን ነበር።

«ለሃያ ሰው ደውያለሁ። ሺሽት የለወጡ አሉ፤ ከአለቃ የተጣሉ አሉ። ለምን መሰለሽ? ብቻውን እንዳይሰማው ነው።»

«ብቻቸውን አልነበሩም» አልኩ። ምን ያህል ቀስ ብዬ እንደተናገርኩት እንጃ፤ ሰምታዋለች ግን። ፊቷ ተለወጠ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ክፍል ፈልጊ» አለችና ወጣች። በግድግዳው በኩል አባባ ሁመድ ሲያነጋግሯት ሰማሁ። «ቅዳሜ ይምጡ፣ ዘሃራ። ያልቅሱልኝ፣ እኔም አለቅሳለሁ። ካንቺ አልተጣላሁም። ግን የጎደለኝ ለቅሶ አይደለም።» የእሷ በር ሲዘጋ ተሰማኝ። እኔም እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ፤ ተነስቼ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው ስል አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት ኮል ሾፑ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። የአምስት ዩሮ ካርድ ገዝቼ ጠባቧ ሳጥን ውስጥ ገባሁ። ሙሳ እኩያዬ ነው፤ አሸዋ ላይ አብረን ተንከባለናል። አማርኛው ዝጓል፤ ማን መሆኔን ለማስረዳት ብዙ ፈጀብኝ። ከዚያ ማልቀስ ሲጀምር፣ እኔ ዓይን አፋሯ፣ አቋረጥኩት። «ነፋሱን አስቀድም» አልኩት። ለቅሶውን ዋጠ። ከዚያ፣ «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ከየት ነው የምትጠይቂው? እዚያ ምን ይነፍሳል?» አለኝ። የፍራንክፈርትን ነፋስ ነገርኩት፤ ዝይዎቹን ነገርኩት፤ የአጎቱን ዕንባ ነገርኩት። ከዚያ እሱ ቀጠለ፤ እኔም ካርዱ እስኪያልቅ አዳመጥኩ። እስክመለስ እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሁሉ እያነበነብኩ፣ ከሰው እየተጋጨሁ ተመለስኩ።

አባባ ሁመድ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዘሃራ ኮቷን ለብሳለች፤ ሺሽት አለባት። ጀርባዋን ሰጥታን ወጥ ቤት ውስጥ ስኒ ታጥባለች። ከፊታቸው ተቀመጥኩና ጀመርኩ። አዝየብ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ዝናብ የለም፣ ጉድጓዶቹ ግን አሉ። ፍየሎቹ ከስተዋል፤ ሁለት ግመሎች ወልደዋል። ሰዉ ደህና ነው፤ ለእርስዎ የሚሆን አልጋ ያሲን ራሱ አዲስ ገመድ ጎንጉኖ ሠርቶ ጨርሷል። ማክሰኞ ጠዋት ጀልባ ገልብጠው ሊጠግኑ ወረዱ። ያሲን ደከመኝ ብሎ ጥላው ሥር ተቀመጠ፤ ባሕሩን ያያል ብለው ተዉት። ቀስ በቀስ ውሃው ሞላ። እግሩ ድረስ ደርሶ እግሩን ሳይሰበስብ ሲቀር፣ ያኔ አወቁ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የቧንቧው ድምፅ ተቋረጠ። ዘሃራ እጇን በኮቷ እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች።

«ውሃው ምን ሆነ?» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ማን ነበር አብሮት?»

አፌን ስከፍት አባባ ሁመድ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ። «ዳጉ ከመሃል አይሰማም፣ ልጄ» አሏት። «ሰው ሲጨመር ከመጀመሪያው ነው። ቁጭ በዪ።»

ሰዓቷን አየች። ወደ በሩ አየች። ከዚያ ኮቷን ሳታወልቅ አባቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። እኔም እንደገና ጀመርኩ።